ዊንዶውስና ሊኑክስን በአንድ ኮምፒውተር ላይ መጫን፦ ፋይል ሳይጠፋ፣ ዊንዶውስ ሳይበላሽ

ሊኑክስን፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተምን፣ ከዊንዶውስ ጎን መጫን ራሱ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ነው። እስካሁን ሲበላሽ ያየሁት ዱዋል ቡት (ሁለት ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር ላይ) ከሞላ ጎደል ሁሉም የተበላሸው ዊንዶውስ ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ዝግጅት ስለተዘለለ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ግማሹን ያህል ስለ ዊንዶውስ ያወራል። አትቸኩሉ። ሌላ ጉዳይ የሌላችሁበትን ግማሽ ቀን መድቡለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ ይከፈላል። ዊንዶውስ በነበረበት ይቆያል፤ በተለቀቀው ቦታ ሊኑክስ ይገባል። ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሪስታርት ማድረግ ግድ ነው። በምላሹ የተነሣው ሲስተም የማሽኑን ሙሉ አቅም ለብቻው ያገኛል። ሊኑክስ ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ዲስክ መንካት አያስፈልግም፤ ከፍላሽ አስነሥታችሁ ማየት ይበቃል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች ለጀማሪ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ጥሩ ነው። ኡቡንቱን ከመረጣችሁ ኤልቲኤስ የሚል የተጻፈበትን ውሰዱ። እንዲህ ያለው ስሪት ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ቁጥሩ የወጣበትን ዓመትና ወር ይናገራል፦ 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. በ2024፣ በ4ኛው ወር የወጣ ማለት ነው። ዊንዶውስ ገና ያልተጫነበት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዊንዶውስን፣ ቀጥሎ ሊኑክስን ጫኑ። ሊኑክስ ሲጫን ቀድሞ ያለውን ዊንዶውስ ፈልጎ ምርጫ ውስጥ ያስገባዋል። ዊንዶውስ ግን ለሊኑክስ እንዲህ አያደርግም።

ዊንዶውስ ውስጥ የሚሠራው

መጀመሪያ ባክአፕ። ፎቶ፣ ሰነድ፣ የትምህርትና የሥራ ፋይል፣ ብሮውዘር ላይ የተቀመጠ ፓስዎርድ ሳይቀር፣ ሁሉንም ወደ ውጫዊ ዲስክ ወይም ወደ ክላውድ ገልብጡ። ከሲ ወደ ዲ መገልበጥ ባክአፕ አይባልም። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ያሉት አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ከጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ከገለበጣችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ፋይል ከውጫዊው ዲስክ ላይ ከፍታችሁ በትክክል መገልበጣቸውን እዩ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በምን መንገድ እንደሚነሣ እወቁ። ስታርት ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱት። «ባዮስ ሞድ» የሚል መስመር አለ። «ዩኢኤፍአይ» ካለ ይህ መመሪያ እንዳለ ይሠራላችኋል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ አዳዲስ ማሽኖች በሙሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው። «ሌጋሲ» ካለ የድሮው አሠራር ነው፤ ያን ጊዜ ፍላሹም በሌጋሲ መነሣት አለበት። አንዱ በዩኢኤፍአይ፣ ሌላው በሌጋሲ ከተጫነ አንዱ ሌላውን ማስነሣት አይችልም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር ልምጣ፤ ቢትሎከር። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በሚል ስም ይገኛል። ዲስኩን በቁልፍ ይቆልፈዋል። በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ እናንተ ሳታዙት በርቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ጓደኛዬ ሊኑክስ እንድጭንላት ላፕቶፗን ሰጠችኝ። የማስነሻ ሴቲንግ ላይ አንድ ነገር ነክቼ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰማያዊ ገጽ ወጣና 48 አሃዝ ያለው ሪከቨሪ ኪይ ጠየቀኝ። እሷ እንዲህ ያለ ቁልፍ እንዳለ ሰምታም አታውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ላፕቶፑን ስትከፍት የተጠቀመችበትን ኢሜይል ለማስታወስ ሁለት ቀን ፈጀባት። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው ውስጥ ነበር። ቁልፉ ተገኘ፤ የእነዚያን ሁለት ቀናት ጭንቀት ግን ለማንም አልመኝም። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን በዓይኔ ሳላይ የማንንም ኮምፒውተር አልነካም።

ስለዚህ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» የሚለው ስር ገብታችሁ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» መብራቱን እዩ። የዊንዶውስ ፕሮ ተጠቃሚዎች ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ቢትሎከር» ብላችሁ ፈልጉ። በርቶ ከሆነ ሪከቨሪ ኪዩን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጡና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወይም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። ከዚያ ኢንክሪፕሽኑን አጥፉት። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ፈትቶ እስኪጨርስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ቻርጀር ሰክታችሁ ተዉት። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ቁልፉ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ ሳታስፈቅዱ አትጀምሩ።

ሌላው ፋስት ስታርታፕ ነው። ይህ ከበራ ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፤ ቶሎ የሚነሣውም ለዚህ ነው። ሊኑክስ ያን ዲስክ ሲያየው ገና ባለቤቱ ያልለቀቀው ሆኖ ያገኘዋል። ወይ አልከፍትም ይላል፣ ወይ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። በግድ ከተጻፈበት ፋይል ይበላሻል። ለማጥፋት ኮንትሮል ፓነል፣ «ፓወር ኦፕሽንስ»፣ «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ»። እዚያ «ቼንጅ ሴቲንግስ ዛት አር ከረንትሊ አንአቬይለብል» የሚለውን ተጫኑ፤ ከታች «ተርን ኦን ፋስት ስታርታፕ» ላይ ያለውን ምልክት አንሡና ሴቭ አድርጉ። ዊንዶውስ ትንሽ ዘግይቶ ይነሣል፤ በፈጣን ዲስክ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

ቦታ ማስለቀቅ

ዊንዶውስ ያለበትን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) መቀነስ ያለበት ራሱ ዊንዶውስ ነው። የሊኑክስ መጫኛም ይችላል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች አቀማመጥ ከማንም በላይ ያውቃል። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቱ። ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ሽሪንክ ቮልዩም»። የሚቀነሰውን መጠን የሚጠይቃችሁ በሜጋባይት ነው። 60 ጂቢ ለመልቀቅ 61440፣ 100 ጂቢ ለመልቀቅ 102400 ብላችሁ ጻፉ። ኡቡንቱ በትንሹ 25 ጂቢ ይፈልጋል። እኔ ግን ከ60 በታች አልመክርም፤ ሲሞላ በኋላ ማስፋት ከመጫኑ የከበደ ሥራ ነው። ለዊንዶውስም መተንፈሻ ተዉለት፤ ዝማኔ ሲመጣ ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ 200 ጂቢ ባዶ ቦታ እያለ ዊንዶውስ 10 ጂቢ ብቻ ልቀንስ እችላለሁ ይላል። ምክንያቱ ዲስኩ መሃል ላይ የተቀመጡ የማይንቀሳቀሱ ፋይሎች ናቸው፦ የሃይበርኔሽን ፋይል፣ ፔጅ ፋይልና የሪስቶር ፖይንቶች። ሃይበርኔሽንን፣ ፔጅ ፋይልንና ሲስተም ፕሮቴክሽንን ለጊዜው አጥፉ፤ ሪስታርት አድርጉና ደግማችሁ ሞክሩ። ከቀነሳችሁ በኋላ ፔጅ ፋይሉንና ሲስተም ፕሮቴክሽኑን መልሱ።

የተለቀቀው ቦታ በጥቁር መስመር «አንአሎኬትድ» ተብሎ ይታያል። እንዳለ ተዉት። «ኒው ቮልዩም» አትበሉ፣ ፎርማት አታድርጉት። እዚያው የምታዩዋቸውን ትናንሽ ፓርቲሽኖችም አትንኩ። ኢኤፍአይ የሚለው ሁለቱንም ሲስተሞች የሚያስነሣ ነው፤ ሪከቨሪ የሚለው ደግሞ ዊንዶውስ ሲታመም የሚፈልገው። ከዚህ በኋላ ዊንዶውስን አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጋችሁ በደህና መነሣቱን እዩ።

ፍላሹ

8 ጂቢ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋችኋል። በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የምትፈልጉትን ቀድማችሁ አውጡ። የሊኑክሱን አይኤስኦ ፋይል (መጫኛውን የያዘውን) ከራሱ ከአዘጋጆቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ሲወርድ ተቋርጦ የተበላሸ ፋይል በመጫን መሃል ላይ ግራ የሚያጋባ ስሕተት ያመጣል። ስለዚህ ቼክሰሙን (የፋይሉን መለያ ኮድ) አስተያዩ። ድረ ገጹ ላይ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ታገኛላችሁ። ሩፉስ የተባለው ፕሮግራም የእናንተን ፋይል ኮድ ያሰላላችኋል። አንድ ከሆኑ ፋይሉ ጤነኛ ነው።

በሩፉስ ፍላሹን ምረጡ፣ አይኤስኦውን ምረጡ፣ «ፓርቲሽን ስኪም» የሚለውን «ጂፒቲ» አድርጉት፣ «ስታርት» በሉ። የአይኤስኦ ሞድ ወይስ የዲዲ ሞድ ብሎ ከጠየቀ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ውጫዊ የባክአፕ ዲስካችሁ አሁንም ተሰክቶ ከሆነ መጀመሪያ ንቀሉት። በስሕተት እሱን የመረጠ ሰው አለ።

ከፍላሽ ማስነሣት

ቀላሉ መንገድ ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትን እንደተጫናችሁ «ሪስታርት» ማለት ነው። በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን፣ ቀጥሎ ፍላሹን ምረጡ። ካልመጣላችሁ ማሽኑ እንደበራ የማስነሻ ምርጫ ቁልፉን ደጋግማችሁ ንኩ፦ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ ነው። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፤ አንዳንዱ ላይ ግን ዩኢኤፍአይ ሴቲንግ (ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል።

ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይነሣ የሚከለክለውን) አጥፉ የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። ለኡቡንቱ፣ ለሚንትና ለፌዶራ አያስፈልግም፤ የተፈረመ ማስነሻ ስላላቸው በርቶም ይነሣሉ። በርቶ ይቆይ።

ፍላሹ ሲነሣ ወዲያው አትጫኑ። «ትራይ» የሚለውን ምረጡና ለጥቂት ደቂቃ ተጠቀሙበት። ዋይፋይ ይገናኛል? ድምፅ አለ? ታችፓድ፣ ካሜራ፣ የስክሪን ብርሃን ይሠራሉ? እዚህ የማይሠራ ነገር ከተጫነ በኋላም ላይሠራ ይችላል፤ አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል።

መጫኛው ዲስካችሁን ጭራሽ አላየሁም ካለ፣ ኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ምክንያቱ አርኤስቲ የተባለው የዲስክ አሠራር ነው። ወደ «ኤኤችሲአይ» መቀየር ያስፈልጋል። በቀጥታ ከቀየራችሁት ግን ዊንዶውስ አይነሣም። ዘዴው ይህ ነው፦ ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ክፈቱ፤ «ቡት» ስር «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት አድርጉ። ሪስታርት ስታደርጉ ዩኢኤፍአይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሣና የሚያስፈልገውን ድራይቨር ራሱ ይጭናል። ከዚያ የሴፍ ቡቱን ምልክት አንሡና ደግማችሁ ሪስታርት አድርጉ። በሴፍ ሞድ ፒን ላይሠራ ስለሚችል የአካውንታችሁን ፓስዎርድ ቀድማችሁ እወቁ።

መጫን

ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ዋይፋይ፤ እነዚህ ራሳቸው ይመሯችኋል። ለግራፊክስና ለዋይፋይ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይጫን ወይ ሲላችሁ እሺ በሉ።

ከዚያ ስለ ዲስኩ የሚጠይቀው ገጽ ይመጣል። ከሁሉም ገጽ እዚህ ላይ እጃችሁን ከማውሱ አንሥታችሁ አንብቡ። «ኢንስቶል አሎንግሳይድ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለው የእናንተ ነው፤ ዊንዶውስን ሳይነካ ከጎኑ ይጫናል። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ዊንዶውስንም ፋይላችሁንም ያጠፋል፤ መመለሻ የለውም። ሦስተኛው «ማኑዋል» ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ካልመጣላችሁ «ኢሬዝ»ን እንደ አማራጭ አትውሰዱ። ማኑዋል ግቡ። ቀድማችሁ ያስለቀቃችሁት ባዶ ቦታ እዚያ ይታያል፤ በመጠኑ ለዩት። እሱን መርጣችሁ የመደመር ምልክቱን ተጫኑ፤ ዓይነቱን «ኤክስት4» (የሊኑክስ የፋይል አደራደር)፣ ማውንት ፖይንቱን (ፓርቲሽኑ የሚያያዝበትን ቦታ) አንድ «/» ብቻ አድርጉ። ነባሩ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ማስነሻ ሆኖ መመረጡን እዩ፤ ፎርማት የሚል ምልክት ግን በምንም መልኩ አይኑርበት። የዊንዶውስ ማስነሻም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ስዋፕ (ሜሞሪ ሲሞላ ሊኑክስ የሚጠቀምበት የዲስክ ቦታ) ለብቻው መክፈል አያስፈልግም፤ ኡቡንቱም ሚንትም ስዋፕን እንደ ፋይል ያዘጋጃሉ።

ሁለት ዲስክ ያለው ዴስክቶፕ ካላችሁ ከዚህ ሁሉ የሚሻል መንገድ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ የዊንዶውሱን ዲስክ ንቀሉ፣ ሊኑክስን በሌላው ላይ ጫኑ፣ ከዚያ መልሳችሁ ሰኩ። ሁለቱም የየራሳቸው ማስነሻ ይኖራቸዋል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን አይነካም።

በመጨረሻ መጫኛው ሊለውጥ ያሰበውን ዘርዝሮ ያሳያል። ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አደራደር) የሆነ ፓርቲሽን ፎርማት ይደረጋል የሚል ካያችሁ «ባክ» በሉ። «ኢንስቶል» እስክትሉ ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አልተጻፈም።

የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁና ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ በመሃል ፓስዎርድ አውጡ ሊላችሁ ይችላል። አስታውሱት። መጀመሪያ ሪስታርት ሲያደርግ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ታስገባላችሁ። ገጹ ቶሎ ያልፋል፤ ከአጠገቡ አትራቁ።

ከተጫነ በኋላ

ፍላሹን ነቅላችሁ ስታስነሡ ግረብ የተባለው ምርጫ ይመጣል። በቀስት ቁልፍ ትመርጣላችሁ። መጀመሪያ ሊኑክስን፣ ቀጥሎ ዊንዶውስን አስነሡ፤ ሁለቱንም ዛሬውኑ እዩ። ምርጫው ሳይመጣ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሣ ሊኑክሱ አልጠፋም። ዩኢኤፍአይ ሴቲንግ ውስጥ የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ «ኡቡንቱ» የሚለውን ወደ ላይ አውጡት። ሚንትም እዚያ ላይ «ኡቡንቱ» ተብሎ ነው የሚታየው፤ አትደናገሩ።

ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ ተዛብቶ ታገኙት ይሆናል። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት እንደ አካባቢው ሰዓት ያነብበዋል፤ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት። አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያዛባዋል። ሊኑክስ ውስጥ ተርሚናል ከፍታችሁ «timedatectl set-local-rtc 1» የሚለውን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ጻፉ፤ ሊኑክስም እንደ ዊንዶውስ ማንበብ ይጀምራል።

ፋይልን በተመለከተ ሊኑክስ የዊንዶውስን ፓርቲሽን ያነባል፤ ዊንዶውስ ግን የሊኑክሱን ኤክስት4 በራሱ አያነብም። እንዲያውም ዲስኩ ላይ ያልታወቀ ነገር አየሁ፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሁልጊዜ እምቢ በሉ። ከሁለቱም የምትከፍቷቸው ፋይሎች ካሉ ለእነሱ ብቻ አንድ የኤንቲኤፍኤስ ፓርቲሽን ብታዘጋጁ ጥሩ ነው። ከሊኑክስ ሆኖ ሲ ውስጥ መጻፍን ግን ተዉት።

ቢትሎከርን መልሳችሁ ማብራት ትችላላችሁ፤ ላፕቶፕ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው እንዲያውም ያስፈልጋል። በግረብ በኩል ወደ ዊንዶውስ ስትገቡ ቁልፉን ሊጠይቃችሁ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ዊንዶውስን ከማሽኑ የማስነሻ ምርጫ በቀጥታ አስነሡት።

የጫናችሁበትን ፍላሽ ለሌላ ነገር አታውሉት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣ አንድ የዊንዶውስ የደኅንነት ዝማኔ ሴኪዩር ቡት ባለበት የብዙ ሰዎችን ሊኑክስ እንዳይነሣ አድርጎ ነበር። ፋይል አልጠፋም፤ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ መግባትና ማስተካከል ይቻል ነበር። ይህን የማያውቅ ግን ሁሉም የጠፋ መስሎት እንደገና ወደ መጫን ሊሄድ ይችላል። ፍላሹ እጃችሁ ላይ ካለ አስነሥታችሁ ገብታችሁ ፋይላችሁን ታያላችሁ፤ ማስነሻውንም ትጠግናላችሁ።

ሊኑክሱን ማስወጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፓርቲሽኑን ከማጥፋት አትጀምሩ። ግረብ የሚፈልገው ፋይል ያለው እዚያ ነው፤ ቀድማችሁ ካጠፋችሁት ማሽኑ ጥቁር ገጽ ላይ «ግረብ ሬስኪዩ» ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ዩኢኤፍአይ ሴቲንግ ውስጥ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር»ን አንደኛ አድርጉ። ዊንዶውስ በራሱ መነሣቱን እዩ። ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ብቻ አጥፉ፤ ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ስትሉ ቦታው ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። «ኤክስቴንድ» ደብዝዞ አልጫን ካላችሁ በሲና በባዶው ቦታ መካከል ሌላ ፓርቲሽን አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሪከቨሪውን አታጥፉ፤ ባዶውን ቦታ አዲስ ድራይቭ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት።